ጭልፊት ሲፈተን

አባቴ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈተና ሲቆጣጠር የኖረ መምህር ነው። ተማሪዎቹ «ጭልፊት» ይሉታል። ከእጅጌ፣ ከካልሲ፣ ከእርሳስ መቅረጫ ውስጥ ሳይቀር አጤሬራ መዝዞ ያወጣል። ይዞም ዝም አይልም፤ «ያላጠኑትን የሚያውቁ ሁለት ናቸው፤ ነቢይና ሌባ። አንተ መቼም ነቢይ አትመስልም» ይላል። ዛሬ ልጆች ያደረሱ ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት እስካሁን ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። እንግዲህ ይህ ሰው ነው በስተርጅናው የኮረጀው፤ ያውም የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተንጋልሎ።

አንድ ቀን ሲያዛጋ ምላሱ ጎን ላይ የአተር ክክ የምታክል ቁስል አየሁ። «የተሸረፈው ጥርሴ ፍቆኝ ነው፤ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» አለኝ። ሦስት ሳምንት ጨቀጨቅሁት። በመጨረሻ እሺ ብሎ ቀጠሮ ሲያዝለት ጥናት ጀመረ። ያጠናበትን ወረቀት በኋላ ከኮቱ ኪስ አግኝቼዋለሁ። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ለሁለት ከፍሎታል፤ በግራ «ደግ ቁስል፦ ያማል፣ ለስላሳ ነው፣ በሁለት ሳምንት ይድናል»፤ በቀኝ «ክፉ ቁስል፦ አያምም፣ ይደድራል፣ አይሄድም»። የሸመደደው ግራውን ብቻ ነው።

ሐኪሟ የተማሪዎቹ ልጅ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ደረቱ ላይ ወረቀት አንጠልጥላ መብራቱን አፉ ላይ አዞረችና ጠየቀችው።

«ያምዎታል አባባ?»

«ኧረ በጣም! ትኩስ ነገር ስቀምስማ ነፍሴ ነው የምትወጣው።» ከሩብ ሰዓት በፊት የሚፋጅ ሻይ በሁለት ጉንጭ ጨርሷል።

«ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አራት ቀን።»

«ሲጋራስ ያጨሳሉ?»

«ሽታውንም አላውቀው» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ጣቶቹ ግን አርባ ዓመት ሙሉ የያዙትን ሲጋራ በቢጫ ቀለም ይመሰክሩበታል። እኔም ሦስት ሳምንት እንደጨቀጨቅሁት እያወቅሁ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ አላረምኩትም። አራት ቀን እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነበር።

ሐኪሟ የምላሱን ጫፍ በፋሻ ይዛ ጎተት አደረገችና ቁስሉን በጣቷ ዳበሰች። መብራቱን ሸሽቶ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው፤ ትንፍሽም አላለም። ጥቂት ቆይታ፣ «አሁን ስነካው ያማል?» አለችው።

«እህህህ!» አለ፤ ጫማው ሊወልቅ ጥቂት እስኪቀረው ተፈራገጠ።

ምላሱን ለቀቀችለት። «አሁን እንኳ አልነካሁትም። ቅድም ሁለቴ ጫን አድርጌው ነበር፤ ያኔ ድምፅዎም አልተሰማ። ጥርስ የፋቀው ቁስል ሲነኩት ያስዘልላል አባባ። የእርስዎ ደግሞ ጠርዙ ደንድኗል። እስቲ እንደገና እንጀምር፤ ስንት ጊዜ ሆነው?»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሷን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ስምንት ወር» አለ።

ከወንበሬ ተነሣሁ።

«እናትሽ ሆስፒታል ተኝታ እያለች ነው የወጣው። አንቺ ሥራሽንም ልጆችሽንም ጥለሽ እዚያ ስታድሪ፣ በየት በኩል ልንገርሽ? እሷ ትዳንና እነግርሻለሁ አልኩ። እሷም ሳትድን ቀረች።»

ሐኪሟ አደንዝዛ ከቁስሉ ላይ ቆንጠር አድርጋ ወሰደች፤ ብልቃጥ ውስጥ ጨምራ ለምርመራ ላከችው። በዘጠነኛው ቀን ተጠራን። ካንሰር ነው። ወደ አንገቱ ገና አልወረደም፤ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ ቀደም ብሎ ቢመጣ ግን የሚቆረጠው ከዚህ ያነሰ ነበር። ይህን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ከክፍሉ ስንወጣ ልናገረው ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አሽሙሩንም የወረስኩት ከእሱ ነው። ሁሉንም ተውኩት። ተናድጄበት ነበር፤ ደግሞ አንጀቴን በላው።

«አባዬ፣ ካሁን በኋላ ለእኔ ብለህ የምትደብቀው ነገር አይኑር» አልኩት።

«እሺ።»

«አሁን ምን ይሰማሃል?»

ደረጃው ላይ ቆም አለና የብረት መደገፊያውን ያዘ።

«ፈርቻለሁ» አለኝ።

«እኔም» አልኩት። ክንዱን ይዤው የቀዶ ሕክምናውን ቀን ወደምንይዝበት መስኮት ወረድን።