ለሁለት ቀን መንገድ የሦስት ሳምንት ዝግጅት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ዝናቡ አባርቶ፣ ድንቹ ተቆፍሮ፣ መንገዱ አቧራ መያዝ ጀምሮ ነበር። ዓመቱን ልጆቼን ብጠይቅ አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል፤ እኔም ተውኩት። ነገሩን ግን አልረሳውም። በዚህ እርጅናዬ በሞተር ሳይክል ቆላ ወርጄ የተመለስኩበት ነው። እንዴት እንደተዘጋጀንበት ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል። ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ስህተት ብታገኙ እለፉኝ።

ቤቴ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ዘንገና አካባቢ ነው። ጥሩ የምላት አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ። ከእናታችን ልጆች የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሷ የተዳረችው ከአዘና ወዲያ ወርዶ ቆላ ነው። በዚያ ሰሞን ዓይኗ እየደከመ ሄደ። መጀመሪያ ከጎን ከጎን ጨለመባት፤ እየቆየ "በበር ቀዳዳ እንደማየት ሆነብኝ" አለች። ልጆቿ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙም የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውንም የዓይን ጠብታ ለጊዜው ቢያቆየው ነው አላቸው።

አንድ ቀን ደወለችልኝ።

"አያ ፋንታ፣ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ ፊትህን ልየው። ድምፅህንማ በኋላም እሰማዋለሁ።"

እሷ እንዳትመጣ ባሏ አልጋ ይዟል፤ ጥላው አትነሳም። እኔ ልሂድ እንዳልል መኪና አይስማማኝም። ሚኒባስ ገና ሲንቀሳቀስ ሆዴ ይገለበጣል። አንድ ጊዜ ዳንግላ እሄዳለሁ ብዬ ገብቼ ራሴን ስቼ፣ ሰዎች መንገድ ዳር አውርደው ውሃ አፍስሰውብኝ ነው የነቃሁት። ፈረስ ደግሞ፣ የእኛ የደጋ ፈረስ ቆላ አይወርድም፤ በሽታ ይዞት ይሞታል። ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ጥሩ ስትዳር ዳማ ፈረሴን ይዤ ወርጄ፣ ኮርቻውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ነው የተመለስኩት። አሁን እግሩም የለም።

ይህን ሁሉ አጥሩ ጥግ፣ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ቆሜ ለእህቴ ስነግራት የሰማችኝ ሴት ነበረች። ላሞቻችንን ልትከትብ የመጣች የከብት ሐኪም ናት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። እንጅባራ ከተማ ነው የምትኖረው፤ በሞተር ነው የምትዞረው። ስልኩን ስዘጋ መርፌዋን እያጠበች ጠየቀችኝ።

"አባባ፣ ሞተርስ ያመዎታል?"

"ተቀምጬበት አላውቅም።"

"በፈረስ ሲሄዱስ ያመዎት ነበር?"

"ፈረስ ላይ የሚታመም ሰው ምኑን ሰው ሆነ!"

ሳቀች። "ታዲያ ሞተርም እንደዚያው ነው። ነፋስ ፊትዎን እየመታ፣ መንገዱን እያዩ ነው የሚሄዱት። እኔ እወስድዎታለሁ። ነገ ግን አይደለም፤ እንዘጋጅ።"

በቢሮ ሞተር መስሎኝ ነበር። "የቢሮው ለቢሮ ሥራ ነው፤ በራሴ ነው የምንሄደው" አለች። መዘጋጀት ስትል ደግሞ ስንቅ መቋጠር መሰለኝ። ለካ ሌላ ነው።

እንግሊዝ አገር የሚኖር ሞተር የሚወድ ወንድም አላት። እሱም በዚያው ሰሞን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሞተራቸውን መርከብ ላይ ጭነው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ፈረንሳይ አገር አራት ቀን ሊዞሩ እየተዘጋጁ ነበር። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ይደውልላታል። በመጀመሪያው እሁድ እኔንም ቤቷ ጠርታ የስልኩን ድምፅ ሁለታችንም እንድንሰማው ከፍ አደረገችው።

"አባባ፣ እኛ አገር በግራ ነው የሚነዳው" አለኝ ልጁ። "ባሕሩን ስንሻገር በቀኝ ይሆናል።"

"ማን ለወጠው?"

"እንጃ፣ ስንመጣ እንዲህ ሆኖ ነው የቆየን።"

"ታዲያ ብትረሳውስ?"

"እኔም የምፈራው እሱን ነው። ሲነዱ አይረሳም። አርፈው፣ በልተው፣ ሲነሱ ነው የሚረሳው። ስለዚህ ቀስት የተሳለበት ወረቀት እጀታው ላይ እለጥፋለሁ።"

በጣም ገረመኝ። ሰው የሚረሳውን አስቀድሞ ያውቃል? ልጁ ገና ቤቱ ተቀምጦ፣ በየትኛው ሰዓት አእምሮው እንደሚከዳው አስቦ ጨርሷል።

እሷም የክትባት ካርቶን ቀድዳ ጀርባው ላይ መጻፍ ያዘች። የደም ግፊት ክኒኔን ስንት ሰዓት እንደምውጥ፣ በስንት በስንት ጊዜ ሽንት እንደሚመጣብኝ፣ የትኛው ጉልበቴ እንደማይታጠፍ ጠየቀችኝ። እስከ አዘና ብርድ ስለሆነ ጋቢ፣ ከዚያ ወዲያ ሙቀት ስለሆነ የሚወልቅበት ቦታ ሁሉ ተጻፈ። እሷ የወንጌል አማኝ ናት፤ ረቡዕና ዓርብ አትጾምም። ግን ቀኑን ስትቆርጥ "ሰኞ ሄደን ማክሰኞ እንመለስ፤ እህትዎ ረቡዕ ምን ላብላህ ብለው እንዳይጨነቁ" አለች። እኔ ጿሚው አላሰብኩትም ነበር።

ወንድሟ ደግሞ የምትጭኚው ስንት ኪሎ ነው አላት። የጎማው ነፋስ በዚያ ነው የሚሞላው። እህል መደብር ወስዳ ሚዛን ላይ አቆመችኝ። ባለ መደብሩ ቁልቁል እያየ፣ "ምን ልበለው፣ ድንች ነው ስንዴ?" አላት።

"ያለቀ ድንች በለው" አልኩት እኔ።

ያለ ልምምድ አንሄድም ብላ በሁለተኛው ሳምንት ፈረስ ወደምንጋልብበት ሜዳ ወሰደችኝ። ሄልሜትም ከጓደኛዋ ተውሳልኛለች። ሁለት ዙር ደህና ዞርን። በሦስተኛው ወደ ግራ ስትታጠፍ ሞተሩ ወደ ግራ ዘመም አለ። እኔ ሊወድቅ ነው ብዬ፣ ኮርቻ ሲንሸራተት እንደምናደርገው፣ ክብደቴን በሙሉ ወደ ቀኝ ጣልኩና በጉልበቴ ጨመቅኩ።

ምን አለፋችሁ፣ ሣሩ ላይ ተዘረጋን፤ እሷም፣ እኔም፣ ሞተሩም።

ቶሎ እንዳልነሳ ከለከለችኝ። እንደ ጥጃ እግሬን እያጠፈች እየዘረጋች አየችኝ። የተሰበረ የለም። እኔ ግን ልቤ ወደቀ።

"በቃ ልጄ፣ ይቅር። አንቺንም ልገድልሽ ነው። እህቴ ድምፄን ትስማ።"

እሷ አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። "መጀመሪያ ምን እንዳደረጉ ይንገሩኝ። ፈረስ ላይ እንዴት ነው?"

ነገርኳት። ኮርቻ ወደ ግራ ሲሄድ ቀኙን እርካብ ነው የምትረግጠው አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና እንዲህ አለች፤

"ጥፋቱ የእኔ ነው። የጻፍኩት የሚረሱትን ብቻ ነው። የሚያውቁትን አልጠየቅኩም።"

እኔ በዕድሜዬ ብዙ የተማሩ ሰዎች ዘንድ ቆሜያለሁ። የማላውቀውን ሲጠይቁኝ ነው የኖሩት። የማውቀው ነገር መንገድ ላይ እንደሚጥለኝ ያየች እሷ ናት።

በቀጣዩ እሁድ ወንድሟ መውደቃችንን ሰምቶ መላውን ነገረን። "አባባ፣ በምንም አይርዷት። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ በቀኝ ትከሻዋ፣ ወደ ግራ ስትታጠፍ በግራ ትከሻዋ አሻግረው መንገዱን ይዩ። ሰውነትዎ ዓይንዎን ይከተላል።"

እኔም ባዶ እጄን አልቀረሁም። "አንተም ከእኔ አንድ ነገር ያዝ። ፈረስ ከደከመ በኋላ አይደለም የሚያርፈው፤ ሳይደክም ነው። የደከመ ፈረስ አርፎም አይድንም።"

"እሺ አባባ፣ ጻፍኩት" አለ። እሷም ካርቶኗ ላይ ስትጽፍ አየኋት።

ሰኞ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሳን። ትልቁ ልጄ አኩርፎ ከቤት አልወጣም፤ አጥንትህን ለቅመን ነው የምናመጣህ ብሎኝ ነበር። ጎረቤቴ ግን አጥሩ ላይ ተደግፎ ይስቃል።

"ፋንታ! በስተርጅና በሴት ታዘልክ?"

"ድሮም ያዘለችኝ ሴት ናት፤ ወንድ አዝሎኝ አያውቅም!"

እሷ አንገቷን ደፍታ ጸለየች፤ እኔም አማተብኩ። ሄድን።

ሆዴ ምንም አላለኝም። በየግማሽ ሰዓቱ ታቆማለች፣ ታወርደኛለች፣ ውሃ ታጠጣኛለች። "ኧረ አልደከመኝም" ስላት፣ "እርስዎ አይደሉ እንዴ ሳይደክም ነው የሚያርፈው ያሉት!" ትለኛለች። የራሴ ምክር መልሶ ያዘኝ።

አዘናን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር የጠጠሩ መንገድ ሸለቆውን ዞሮ ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። በቀኝ በኩል ገደል ነው። መታጠፊያው ላይ የጫነ አይሱዙ መሐል መንገዱን ይዞ ሽቅብ መጣብን። እሷ ቀኝ ዳሩን ያዘች፤ ሞተሩም ወደ ገደሉ ዘመም አለ።

ሰውነቴ በሙሉ ወደ ግራ ና፣ ወደ ግራ ና አለኝ። ኀምሳ ዓመት ፈረስ ላይ የኖረ ሰውነት ነው፤ በሦስት ሳምንት አይረሳም። በቀኝ ትከሻዋ በኩል ማየት ማለት ደግሞ ገደሉን ማየት ነበር። ከታች የዛፍ ጫፍ ይታየኛል። ከዛፉ አልፌ፣ መንገዱ ወዲያ ማዶ የሚወጣበትን ቦታ ፈልጌ እሱን ያዝኩ። ከእሱ ዓይኔን አልነቀልኩም። የመኪናው አቧራ አልብሶን አለፈ።

ቀጥ ያለ ቦታ ስንደርስ አቆመች። ሄልሜቷን አውልቃ ወደ እኔ ዞረች።

"አባባ" አለችኝ፣ "ከኋላዬ ሰው ያለ አልመሰለኝም።"

በፈረስ ጉግስ ብዙ ተጨብጭቦልኛል። እንደዚህ ያለ ሙገሳ ግን አግኝቼ አላውቅም።

ጥሩ ከበሯ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለች ደረስን። የሞተሩን ድምፅ ሰምታ አንገቷን ወዲህ ወዲያ ታዞራለች፤ በዚያች በቀረቻት ቀዳዳ ልታገኘኝ ነው። ቀርቤ በደህናው ጉልበቴ ተንበረከኩላት። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። በአንድ ጊዜ ሁሉም አይታያትም፤ ግንባሬን አየች፣ ዝቅ ብላ ዓይኔን፣ አፍንጫዬን፣ አፌን። በልጅነታችን ቋንቋ፣ በአገውኛ፣ ቀስ እያለች ስትናገር ሰማኋት፤ የምትቆጥር ነው የምትመስለው።

"አርጅተሃል!" አለች በመጨረሻ።

"አንቺስ?"

"እኔ መስታወት አይታየኝም፤ አላረጀሁም። ጥርስህንስ የት ጣልከው?"

"ቆሎ ወሰደው።"

ሳቀች። ከዚያ ለቅሶው መጣ። ያመጣችኝ ሴት "ሰንሰለቱን ልየው" ብላ ወደ ውጭ ወጣች። ሰንሰለቱ ደህና እንደነበር አውቃለሁ፤ አዘና ላይ አይታዋለች። እስኪበቃን ድረስ አልተመለሰችም። ጥሩ ያን ቀን ሙሉ ፊቴን ወደ ብርሃን አዙር፣ አሁን በጎን፣ አሁን ሳቅ እያለች ስታየኝ ዋለች። ማክሰኞ ማለዳም አይታኝ ነው የሸኘችኝ። እንደታሰበው ከረቡዕ በፊት ቤቴ ገባሁ።

ወንድሟም ፈረንሳይን ዞሮ በደህና ተመለሰ። አንድ ቀን ከቁርስ በኋላ ተነስቶ በግራ ሊወጣ ሲል ወረቀቱ እንዳዳነው ነገረን።

የጥሩ ዓይን በቀጣዩ ክረምት ጨርሶ ጠፋ። ሳምንት በሳምንት እንነጋገራለን። ጉልበቴን አመመኝ፣ ጎበጥኩ እያልኩ ሳማርርባት ትቆጣኛለች።

"ተወኝ አያ፣ እኔ ዘንድ ማርጀት ካቆምክ ቆየህ።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አጥሩ ጥግ ትንሽ እቆያለሁ። ደግ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ሲወድቁ የሚያነሳ ሞልቷል። ሳልወድቅ ያሰበችልኝ፣ ስወድቅም ጥፋቱን ከራሷ የፈለገች፣ እህቴ ዘንድ ፊቴን ይዛ ያደረሰችልኝ የእንጅባራዋ የከብት ሐኪም ግን አንድ ናት። ስሟ ስመኝ ነው።