ዋጋ ጠያቂው ሽማግሌ

የቡታጅራን ገበያ ዳገት ሲወጣ በየመደቡ ይቆማል። ሻሽ፣ ምስማር፣ የሕፃን ጫማ፣ ያየውን ሁሉ ዋጋ ይጠይቃል፤ አንዱንም አይገዛም። ካፖርቱ የሀብታም፣ ትንፋሹ የተጫነ አህያ ነው። ሻጮቹ ቋጣሪ ይሉታል። እኔም አምኛቸው ነበር፤ የጃንሆይ ሥዕል ከተሰቀለበት ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ ድሬሰሩ ሲቆጣው እስክሰማ ድረስ።

«ጋሼ፣ ደም ግፊቱ ሥራ ስላበዛበት የልብዎ ጡንቻ ወፍሯል። የሚመግቡት የደም ሥሮች ግን ለዚያ ሁሉ ሥጋ አይበቁም። ዳገት ላይ ደረትዎን ጨምድዶ የሚይዝዎት ለዚህ ነው። ጨውና ከባድ ሥራ ይተዉ።»

«ጡንቻ ወፍሮ ሲያለቅስ የት አገር ታየ?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለቤቴ ሰው እንዳትነግር። የመስቀልን በሬ የማርደው እኔ ነኝ፤ ከሰሙ ቢላዋዬን ይቀሙኛል።»

ለካስ ዋጋ የሚጠይቀው ትንፋሹ እስኪመለስ ነው። ሰው ደካማ ከሚባል ቋጣሪ ቢባል ይመርጣል።

የመስቀል ሰሞን ቢላዋ ሻጯ ዘንድ ቆሞ አየሁት። «ደግሞ መጣ!» ብላ ፊቷን አዞረች። እሱ ግን ገዛ።

«ጉድ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«ለበኩር ልጄ ነው» አላት። «ዘንድሮ እሱ ይረድ፤ እኔ ቆሜ እሳደባለሁ።»

ጥቂት እንደ ሄደ የሽንኩርት ዋጋ ጠየቀ።