በየክሎዙ ያቁሙልኝ

በዘጠናዎቹ ኦክላንድ ውስጥ አዳራሽ ያከራዩን ቻይናውያን ክርስቲያኖች ነበሩ። ጠዋት እነሱ፣ ከሰዓት በኋላ እኛ ኢትዮጵያውያኑ እናመልክበት ነበር። ወጣትነቴን ቤጂንግ ስማር ስላሳለፍኩ ለሁለቱ ጉባኤዎች አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ያኔ በርክሌ ዩኒቨርሲቲ የቻይንኛ ሰዋስው እየተማርኩ ሚልፒታስ ፋብሪካ እሠራ ነበር፤ ዕውቀቱ ገና ትኩስ ስለነበር አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር።

ያገኘሁት ሰው ሁሉ እስኪሰለቸው አስረዳ ነበር፦ የቻይንኛ መሠረቱ ክሎዝ ነው፤ አንድ ግስ ያላት፣ ራሷን የቻለች አጭር ንግግር። «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ሳይባል አንዷ ከሌላዋ ጎን ትደረደራለች። ማያያዙ የሰሚው ፋንታ ነው።

የቻይናውያኑ ሽማግሌ ልጅ በጠና ታሞ ሳለ የእኛ ሴቶች በየሳምንቱ ይጾሙለት ነበር። አንድ እሑድ ሽማግሌው ከባለቤታቸው ጋር መጥተው ጉባኤውን ማመስገን እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። መጋቢያችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ሾርት አድርገው፤ ሰው ነገ ሺፍት አለው» አለኝ። እኔም ሽማግሌውን፣ «በየክሎዙ ያቁሙልኝ፤ እየተቀበልኩ እተረጉማለሁ» አልኳቸው። የት እንደሚያቆሙ አስተማርኳቸው እንጂ ምን ሊናገሩ እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

«ልጄ ታመመ» አሉ። ተረጎምኩ።

«እናንተ ጸለያችሁለት።»

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

«ሕመሙ ቀለል አለው።»

«አሜን! ሃሌሉያ!»

«ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገባ።»

እልልታው ቀለጠ። ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድም መዝሙር ጀመረ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሽማግሌው እጃቸውን አጣምረው ጸጥ እስኪል ጠበቁ። ፊታቸውን አይቼ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን የምጠብቀው ቀጣዩን ክሎዝ ነበር።

«ማክሰኞ ሞተ» አሉ።

አፌ ከልቤ ቀድሞ ተረጎመው። የጉባኤውም አፍ ቀደመ።

«አሜን!»

አንዲት እናት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ኪቦርዱ ዝም አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ማን ይለቅመዋል? ሽማግሌው ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር፤ «ስለ ጸሎታችሁ አመሰግናለሁ» አሉ። ያንን መተርጎም አቃተኝ።

ባለቤታቸው ከፊት ወንበር ተነሡ። ከእኛ ንግግር ሁሉ የገባቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ በእነሱም ቤተ ክርስቲያን ይባላል። ወደ ሕዝቡ ዞረው ጎንበስ አሉና ቀስ ብለው፣ «አሜን» አሉ።