ባለ ሁለት ፊቷ ስፌት

ሪድዋን በገዛ ግቢው ውስጥ መንገድ የጠፋበት አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በፊት ነው። ሚስቱ ናፊያ ከውስጥ ሆና ጫማውን ሲያጠልቅ፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን፣ ኢብሪቁን፣ ውሃ ሞልቶ ሲወጣ ሰምታዋለች። ሲቆይባት ተከትላው ወጣች። ግቢው ጥግ፣ ትልቁ ጥቁር የውሃ ሮቶ ፊት ለፊት ቆሞ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ምን እንደሚፈልግ ስትጠይቀው በሩን ማን እንደቆለፈው ጠየቃት። ሱሪው ርሶ ነበር።

ሮቶው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ድሮ ሽንት ቤቱ ነበር። ልጃቸው አብዱልፈታ አፍርሶት፣ ጉድጓዱን ደፍኖ ሲሚንቶ ካፈሰሰበት ቆይቷል። በምትኩ ከመኝታ ቤታቸው አጠገብ ነጭ ሴራሚክ የለበሰ፣ ነጭ በር ያለው መታጠቢያ ቤት ሠራላቸው። እናትና አባቱ በስተርጅና በዝናብና በብርድ ግቢ እንዳያቋርጡ ብሎ ያደረገው ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም መርቀውታል። ሪድዋን ግን አሁን ነጩን በር አያውቀውም። እግሩ የሚያውቀው የድሮውን መንገድ ነው።

ይህ የሆነበት ሰው እንዲህ ያለ ነገር የማይሆንበት ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሲሰፋ፣ ልብሱ ላይ ቁራጭ ክር እንኳ ተንጠልጥሎ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። ናፊያ ልብሱን ቀየረችለት። እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተደጋገመ። አብዱልፈታ ከሥራ ሲመለስ አባቱን እንደዚያ ሆኖ ያገኘው ዕለት እናቱን ለብቻዋ ወደ ጓዳ ጠርቶ፣ ለአዋቂ የሚሆን ዳይፐር ፋርማሲ እንደሚሸጥ ቀስ ብሎ ነገራት። በክፋት አልነበረም። ናፊያ ግን፣ «አባትህ አእምሮው እንጂ ሐፍረቱ አልጠፋም» አለችው።

የድሮው ሽንት ቤት በር ላይ አንዲት ክብ የሣር ስፌት ትንጠለጠል ነበር። ናፊያ ሙሽራ ሆና ወደዚህ ግቢ ስትገባ የባሏ ወላጆችና የባሏ ወንድም ከነቤተሰቡ አብረው ይኖሩ ነበር፤ ለሁሉም ያለው ያ አንድ ሽንት ቤት ነው። መቀርቀሪያ የለውም፤ ሰው መኖሩ የሚታወቀው በሳል ነው። በመጣች ሰሞን አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ሳያውቁ በሩን ከፈቱባት። ናፊያ ቀኑን ሙሉ ከክፍሏ ሳትወጣ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወስፌዋን አነሳችና መዳፍ የምታክል፣ አንድ ፊቷ ቀይ ሌላ ፊቷ አረንጓዴ የሆነች ስፌት ሰፋች። የሚገባው ሰው ቀዩን ወደ ውጭ ያዞራል፤ ሲወጣ አረንጓዴውን ይመልሳል። አማቷ አገላብጠው አዩአት። በማግስቱ ቀድመው ያዞሯት እሳቸው ነበሩ። ስፌቷ ስታረጅ በሌላ እየተካች፣ ለኢብሪቁም እንደዚያው ባለ ቀለም ልብስ እየሰፋች ብዙ ዘመን አለፈ። ሽንት ቤቱ ሲፈርስ የመጨረሻዋ ስፌት ከፍርስራሹ ጋር ተጣለች። ማንም ልብ አላላትም።

ናፊያ ይህን ያስታወሰችው ሪድዋን ሮቶውን ሲዳብስ ጣቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ስታይ ነው። ስፌቷ ትሰቀልበት በነበረው ከፍታ ላይ ነበር።

የልጇን ሚስት ሀያትን ከሶፊ ገጠር የሚመጡት ሴቶች ከከተማው በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር አካባቢ ሣር ይዘው እንደሆነ እንድታይላት ላከቻት። ሀያት አክርማና ስንደዶ ይዛ መጣች፤ ቀለሙን አብረው ነከሩ። ከባዱ መስፋቱ ነበር። የናፊያ ጣቶች በቁርጥማት ጎብጠዋል፤ ወስፌው እየሳተ አውራ ጣቷን ይወጋታል። ድሮ በአንድ ከሰዓት የምትጨርሳትን ስፌት ሳምንታት ፈጀችባት። ጠርዟ ትንሽ ተጣመመ። ፈትታ ልታስተካክለው አሰበችና ጣቶቿን አይታ ተወችው።

አብዱልፈታ ነጩ በር ላይ ሚስማር መትቶ ስፌቷን ሰቀላት። ሪድዋን በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ወደ ግቢ ሊወጣ ሲል ስፌቷን አያትና ቆመ። አረንጓዴውን ፊት በጣቱ ነካ፤ ወደ ቀዩ አዞረና ገባ። ናፊያ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ፣ ውሃ ሲፈስ ሰማች። ሲወጣ ወደ አረንጓዴው መለሳት።

እስከ ረመዳን ድረስ እንደዚያ ኖሩ። ቤቱ ሰላም አገኘ፤ ሪድዋን በንጹሕ ልብስ መስጊድ ሄደ፣ ከሰው ጋር ተቀመጠ።

ከዒድ በኋላ አንድ ጠዋት ናፊያ የስፌቷ ጠርዝ ሲላላ አየችና አውርዳ፣ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠው ባሏ አጠገብ ሆና ታጠብቀው ጀመር። ሪድዋን እጆቿን ሲመለከት ቆየ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «እሷን ባይነኳት።»

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እርስዎ ብሏት አያውቅም። ናፊያ ወስፌውን አቆመች።

«ለምን?» አለችው።

«ባለቤቴ የሰፋቻት ናት። ናፊያ ትባላለች። ሌላ ሰው ከነካት ታውቃለች።»

«አሁን የት ሄደች?»

ሪድዋን ወደ ግቢው በር ተመለከተ። «ትመጣለች። ትንሽ ቢቆዩ ይተዋወቋታል፤ ጥሩ ሰው ናት።»

ናፊያ ስፌቷን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። እንደማትነካት ነገረችው። ከአጠገቡ አልተነሳችም። ምሳ ሲደርስ ሪድዋን ለእንግዳዋም እንዲቀርብላት ሀያትን አዘዘ፤ ናፊያም እንደ እንግዳ እጇን ታጥባ አብራው በላች።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ሆነ። መጀመሪያ ስፌቷን ወደ ቀዩ አዙሮ ሳይገባ ይመለስ ጀመር። ቆይቶ በአጠገቧ አልፎ ይሄዳል። ክረምቱ ሲገባ አልጋ ላይ ዋለ። ፋርማሲ ሄዳ ዳይፐሩን የገዛችው ራሷ ናፊያ ናት፤ ለልጇ ምንም አልነገረችውም፣ እሱም አልጠየቃት። ስታጥበው ሪድዋን ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ማን እንደሆነች ባያውቅም ሴት እንደሆነች ያውቅ ነበር። ናፊያ በየጊዜው ሚስቱ መሆኗን ትነግረው ነበር፤ አንድም ቀን ዓይኑን ገልጦ አላያትም።

አንድ ጁምዓ ጠዋት ሞተ። ከከተማዋ ቅጥር ውጭ ወስደው ቀበሩት። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ከሕመም ማረፉን እየጠቀሰ አጽናናት፤ እሷም ሁሉንም አልሐምዱሊላህ እያለች ሸኘች።

ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበትን ጊዜ፣ ዒዳዋን፣ ጨርሳ መጀመሪያ ከቤት የወጣች ቀን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሙሜ አገኛት። ሙሜ ከገጠር እየመጣ በየዒዱ ሪድዋን ዘንድ ልብስ ያሰፋ የነበረ ገበሬ ነው፤ ወደ ከተማ ከመጣ ዓመት አልፎታል፣ ወሬው አልደረሰውም። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና ልጁን ሊድር መሆኑን፣ ከሪድዋን መቀስ በቀር ጨርቁን ለማንም እንደማይሰጥ ነገራት።

«ጠዋት ላምጣለት ወይስ ከሰዓት?» ሲል ጠየቃት።

ናፊያ ፊቱን አየችው። ባሏን በሥራ ላይ ያለ፣ መቀስ የያዘ አድርጎ የሚያስበው ሰው ካየች ስንት ጊዜዋ ነው።

«ጠዋት» አለችው። «ጠዋት ዓይኑ ጥሩ ነው።»

ሙሜ አመስግኖ ወደ ባጃጆቹ ሄደ። ልትጠራው ጥቂት እርምጃ ተከተለችውና ተወችው። ሰውና መኪና በሚተራመስበት መሐል ቆማ፣ ሪድዋን ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።