ስለ እሳቸው ጉልበት

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት አንድ የተዘረጋ እግር ነው። ሌሎቹ ሴቶች ቦታ ሊለቁለት እግራቸውን አጥፈው ግድግዳው ላይ ተጠጋግተዋል። እኔ ፌስቡክ ላይ በጻፍኩት ነገር ሴቻ ካለው ሆስፒታል ከሥራ ስወጣ ነበር የተያዝኩት። የእግሩ ባለቤት፣ ኦቾሎ ከሚባል የተራራ መንደር የመጡ አንዲት እናት፣ የሚፈለገው ልጃቸው ስለጠፋ በእሱ ምትክ ተይዘው ነው።

«ጉልበቴ አዲስ ነው፤ ያረጀሁት እኔ ባለቤቱ ነኝ» አሉኝ እየሳቁ።

ሰው ሠራሽ ጉልበት ተገጥሞላቸው ስፌቱ ገና አልተፈታም። ይዟቸው የመጣው ፒክአፕ ከኦቾሎ ሲያወርዳቸው አንገጫግጯቸው ፋሻው ቀልቷል።

«እማማ፣ ልየው? ነርስ ነኝ።»

የምሠራው ቀዶ ጥገና ክፍል ነው። በጉልበት ቀዶ ጥገና ደም እንዳይባክን ስንት እንደሚደከም አውቃለሁ። ጭኑ ይታሰራል፣ ደም የሚያቆም መድኃኒት ይሰጣል፣ ደም የመጠጠው የቁስል ጨርቅ፣ ጎዙ ሳይቀር፣ የፈሰሰውን ለማወቅ ይመዘናል። ልጃቸው የለገሰላቸው ደም እንኳ ሳያስፈልግ መቅረቱን በኩራት ነገሩኝ። ያ ሁሉ የተቆጠበ ደም አሁን ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ነጠላዬን ቀድጄ ጉልበታቸውን አጥብቄ ጠቀለልኩ፤ እግራቸውን በጋቢ ከፍ አደረግሁት። ሲነጋ ነጠላውም ቀልቷል። ቁስሉ ካመረቀዘ አዲሱ ጉልበት ይወጣል፤ እግሩም ሊቆረጥ ይችላል። ሴቶቹ ሐኪም ቤት ይወሰዱ ብለው ቢለምኑ ጠባቂው «አለቃ ይምጣ» ብሎ ሄደ። እኔ ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋል።

«አፍ አያስፈልገውም፣ ልጄ» አሉኝ እማማ። «ጠባቂው የእኛ አገር ሰው ነው፣ በአነጋገሩ አውቄዋለሁ። እርጥብ ሳር ይዘሽ ተንበርከኪለት፤ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔ እንዳልንበረከክ...» ጉልበታቸውን አዩት።

ለመታጠብ ስንወጣ ከቧንቧው ሥር ሳር ነጨሁ። በሁለት እጄ ይዤ ጠባቂው ፊት ተንበረከክሁ።

«ምንድን ነው? ተነሺ!»

አልተነሳሁም። ሊያልፈኝ እግሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ኮፍያውን አወለቀ።

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

ወደ ክፍሉ አመለከትኩ።

«በቃ ተነሺ እህቴ። ልታስቀጪኝ ነው እንዴ?»

ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው መኪና ከምሳ በፊት መጣ። ደግፌ አስቀመጥኳቸው፤ መኪናው ከመነሳቱ በፊት እጃቸውን ዘርግተው ስንበረከክ ቀሚሴ ላይ የቀረውን አቧራ አራገፉልኝ።

እግራቸው ተርፏል። ከተፈታሁ በኋላ ገበያ ውስጥ በከዘራ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ጎዙን መዝኜ ቁጥሩን ስናገር ሐኪሙ «ጥሩ ነው፣ ብዙ ደም አልፈሰሳትም» ይላል። እኔ ግን ታካሚዋ ወደ ቤቷ የምትሄድበትን መንገድ አስባለሁ።