የተረፈችው ብሎን

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጥልፍ ሠሪ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ ሽሮ ሜዳ ወዳለው ሱቄ መጣ። ያገለገለ የጥልፍ ማሽን ገዝቶ መመሪያውን በስልኩ ቢፈልግ «ለተፈቀደላቸው ጠጋኞች ብቻ» የሚል ብቻ አገኘ። ሳቄ መጣ። እኔም በወጣትነቴ በዚያው ሞዴል ማሽን ይህንኑ በር አንኳኩቻለሁ።

ያኔ ከጓደኛዬ ከሰሚራ ጋር ሆነን ከዱባይ የመጣ አሮጌ የጥልፍ ማሽን ገዝተን ነበር። የመጀመሪያ ሥራችን የእህቴ የሠርግ ቀሚስ ሆነ። ጥር ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ማሽኑ የደረቱን ጥልፍ እንዳጋመሰ ቀጥ አለ። መርፌው ቀሚሱን ወግቶ ይዞታል፤ ካልተቀደደ አይወጣም። ሠርጉ ደግሞ እሑድ ነው።

ሰሚራ ማሽኑን የሸጠልን አስመጪ ዘንድ ደወለች። ሰውየው ጨዋ ነበር።

«እህቴ፣ መመሪያው የሚሰጠው ፈቃድ ላላቸው ጠጋኞች ነው።»

«እሺ፣ እነሱን የት ላግኛቸው?»

«የዚህ ሞዴል ምርት እኮ ቆሟል። ጠጋኝ የለውም።»

አምራቹ ራሱ የተወውን ማሽን ምስጢር ለማን ብሎ እንደሚጠብቅ ዛሬም ይገርመኛል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ፈታነው። ቦታው እንዳይጠፋን እያንዳንዱን ብሎን ስናወጣ በነጭ ጨርቅ ላይ ቦታውን በክር ጠለፍን፤ የክዳኑን በቀይ፣ የጎኑን በአረንጓዴ። የሰሚራ እናት የላኩልንን ሳምቡሳ ዘይቱ ቀሚሱን እንዳይነካ በር ላይ ቆመን በላን። ውስጡን እያየሁ ስሄድ ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ እንዲያውም ቶሎ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

መርፌው ወጣ። መልሰን ስንገጥመው ግን አንዲት ብሎን ተረፈች፤ ጨርቁ ላይ ቦታ የላትም።

«ሳትጠልፊ ያወጣሻት አንቺ ነሽ» አልኳት።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!»

ማሽኑ ያለ እሷ ሠራ፤ እህቴም ቀሚሷን ለብሳ ተዳረች። እኔ ግን ማሽኑ በተነሳ ቁጥር አሁን ተበታተነ እያልኩ ዓመታት ተሳቀቅሁ። ብሎኗን ከአዝራሮቼ ጋር አስቀመጥኳት።

ለወጣቱ ጨርቁንና ብሎኗን አዋስኩትና ቦታዋን እንዲፈልግልኝ ለመንኩት። ትናንት ደወለ።

«እትዬ፣ አገኘኋት። የኔ ማሽን ላይ ያለችው ወረቀቷ አልተነቀለም። ‹ለማጓጓዣ ብቻ፤ ማሽኑ ከመሥራቱ በፊት ትውጣ› ይላል።»

ለካ ማሽኑን ከግማሽ እንዳያልፍ አንቃ የያዘችው እሷ ኖራለች። መመሪያውን ቢሰጡን ኖሮ ገና ስንጀምር እናወጣት ነበር፤ የማሽኑን ውስጥ ግን አናየውም ነበር። በዚህ ልናደድ ወይስ ልደሰት፣ ገና አልወሰንኩም።

ወዲያው ለሰሚራ ደውዬ ነገርኳት።

«እኔ እኮ ነኝ ያወጣኋት» አለች።