ተራ አስከባሪውና የግራ ዓይኔ

የግራ ዓይኔን ያጠፋው የአስጎብኚዎቹ ተራ አስከባሪ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ሐይቁ ዳር፣ በሽመል። ያጠፋሁት ነገር የለም፤ እንግዳ ይዤ መሄዴን ጥፋት ካላላችሁት በቀር።

ያን ጊዜ ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ። አስጎብኚዎቹ አስፋልቱ ዳር አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ከደሴ የመጣ ሚኒባስ እንግዳ ሲያወርድ ተራው የደረሰው ተነስቶ ይወስዳል። እንግዳው አይመርጥም። ጉብኝቱም ያው ነው፦ እስጢፋኖስ ገዳም በእግር፣ ከዚያ ዓሣ መብላት፣ ከዚያ መሸኘት። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ባል ገብቶ ሲያይ ሚስት ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዝንብ ታባርራለች። ስንት ዓመት እንደዚያ ሲሆን አንዱንም አስጎብኚ አልከነከነውም። እኔን ከነከነኝ። አስጎብኚ ልሁን ብዬ ብጠይቅ ተራ አስከባሪው፣ "ፊደል ያልቆጠረ ምን ብሎ ያስጎበኛል? ይሄ ውሃ ነው፣ ያ ተራራ ነው፣ በቃ" አለና አሳቀብኝ።

አንድ ጠዋት ባልና ሚስት መጡ። ሰውየው የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረ፣ ጡረታ የወጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን አይቶ አለፋቸውና እኔ መረብ ወደማራግፍበት መጣ።

"ወንድምዓለም፣ ታንኳው ያንተ ነው?"

"የኔ ነው።"

"እንግዲያው አንተ ውሰደን።"

"ተራ አለ" አልኩት።

ሳቀ። ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ቱሪስት በምትጭን መርከብ ሽንኩርት ሲልጥ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። "መርከቧ ጠዋት ወደብ ትገባለች፣ ማታ ትወጣለች" አለኝ። "ተሳፋሪው ያለው አንድ ቀን ነው። ግማሹ ባንዲራ የያዘ ሰው ተከትሎ እንደ በግ ይነዳል፤ የፊተኛውን ማጅራት አይቶ ይመለሳል። ግማሹ ካርታ ይዞ ብቻውን ይወጣል፤ እግሩ እስኪያብጥ ይዞራል። ብልጡ እዚያው ተወልዶ ያደገ አንድ ሰው ይይዛል። እኔም እረፍት ባገኘሁ ቁጥር እንደዚያ አደርግ ነበር። ናፖሊ የሚባለውን የጣሊያን ወደብ ያሳየኝ ዓሣ ሻጭ ነው። አሁንም ዓሣ አጥማጅ አገኘሁ።"

"እኔስ? ገዳሙ አያስገባኝም አሉ" አለች ሚስትየው።

"እርስዎን በታንኳ እወስድዎታለሁ፣ እትዬ። እሳቸው በእግር ይግቡ፤ እኛ በውሃ እንዞረዋለን።"

"አንሰጥምም?"

"እስካሁን ሰጥሜ አላውቅም።"

"እስካሁን እኔን አልጫንክማ" አለች።

ወጣን። ገዳሙን ከጀርባው፣ ዛፎቹ ውሃ ላይ ከተደፉበት በኩል አየችው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የት የት እንደሚተኛ፣ ከአምባሰል በኩል ነፋስ ሲነሳ ታንኳ ወዴት እንደሚሸሽ፣ ባለፈው ክረምት ውሃው የማንን ማሳ እንደበላ ነገርኳት።

ስንመለስ ባልየው ከገዳም ወጥቶ ይጠብቀናል። ተራ አስከባሪውም ሽመሉን ይዞ ቆሟል።

"የማንን እንግዳ ነው የጫንከው?"

"የራሴን።"

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ ያለህ? ያለህ ቅማል ነው።"

ኮሌታዬን ይዞ ጎትቶ ጭቃው ላይ ጣለኝ። ጎኔን ረገጠኝ። ሴትየዋ ወረደች፣ አንድ ጫማዋን አወለቀች፣ ጉንጩን አጮለችው። ደገመችው። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡት በሳቅ ወደቁ። ሽመሉን ያነሳው ያኔ ነው። በእሷ ላይ አይደለም። እኔ ከጭቃው ልነሳ ተንበርክኬ ነበር። ሲያርፍብኝ እንቁላል ሲፈርጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሙቅ ነገር በአገጬ ወረደ። ደም ብቻ አልነበረም።

ደሴ ሆስፒታል የቀረውን አወጡት።

ተራ አስከባሪው ለጠየቀው ሁሉ አንድ ቃል ነው የሚሰጠው፦ "በደንቡ ነው። ተራ ጣሰ፣ መታሁት።" ጓደኞቹ መሰከሩለት። ባልና ሚስቱ ሄደዋል፤ ልብስ አጣቢዎቹ ፈርተው አልመሰከሩም። ያ ቃል ከዱላው በላይ አመመኝ። ዓይኔም ጠፍቶ ጥፋተኛውም እኔ።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አርባን አልፌ፣ በአንድ ዓይን፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ። ያስተማረኝ እልህ ነው። ከራሴ ስም ቀድሜ የጻፍኩት የሱን ስም ነው። ጽፌ እሰርዘዋለሁ፣ ደግሞ እጽፈዋለሁ፣ ደግሞ እሰርዘዋለሁ፤ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳው።

ዓይኔ በጠፋ በዘጠነኛው ወር ሐይቁ ዳር ጎንበስ ብሎ እግሩን ሲታጠብ አገኘሁት። ማጅራቱን ይዤ ውሃው ውስጥ ደፈቅኩት፤ ጉልበቴን ጀርባው ላይ ጫንኩ። እጁ ጭቃውን ሲቧጥጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። አንዴ ቀና ሲልብኝ ጆሮውን ነክሼ ግማሹን ተፋሁት። መረብ ሲጠግኑ የነበሩ ሰዎች ደርሰው ክንዴን በመቅዘፊያ ቀጥቅጠው አስለቀቁኝ። በሳምንቱ ወንድሞቹ የታናሽ ወንድሜን ጭን በጩቤ ወጉት። የኔዎቹ ክላሽ አወጡ።

ያኔ አበጋሮች ገቡ። አበጋር እኛ ዘንድ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል፤ እነሱን እምቢ ያለ ቀባሪ አያገኝም። ዋርካ ሥር አስቀመጡን።

"ምን ትፈልጋለህ?" አሉኝ ትልቁ አበጋር።

"ዓይኑን።"

"ወስደህ የት ታደርገዋለህ?"

"ለዓሣ እሰጠዋለሁ፣ አባቴ።"

"ዓሣውን እኛም እንበላዋለን። ሌላ ንገረኝ።"

"እንግዲያው እውነቱን ይናገር። ለምን እንደመታኝ ሰው ፊት ይናገር።"

"በደንቡ ነው" አለ ተራ አስከባሪው። ጆሮውን በሻሽ ሸፍኗል።

ሦስት ጊዜ ቀጠሩን፤ ሦስቴም ያንኑ አለ። በአራተኛው ትልቁ አበጋር ተነሱ። "ሁለታችሁ በአንድ ታንኳ ሐይቁን ትሻገራላችሁ። ቀዛፊው ዓይኑ የጠፋው ነው። እኛ ማዶ እንጠብቃለን። ሁለት ሰው ከወረደ እዚያው እርቅ እናወርዳለን። አንድ ሰው ከወረደ፣ የወረደው ከዚህ አገር ይነቀላል፤ ሐይቁን ዳግመኛ አያየውም።"

ተራ አስከባሪው ዋና አይችልም። አገር ያውቃል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። መሀል ስንደርስ መቅዘፊያውን አነሳሁ። ጠብታው ሲወርድ ሰማና ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰበሰበ። አንድ ምት ይበቃው ነበር። ክንዴ ተዘጋጅቷል። የተውኩት አዝኜለት አይደለም። ከሐይቁ ብነቀል የት እገባለሁ? ሰው ይዤ የምዞርበት፣ ጥልቁንና ጥልቅ ያልሆነውን የማውቀው ሌላ ውሃ የለኝም።

"ዙር" አልኩት።

አልዞረም።

"ዙርና እየው።"

ዞረ። የዓይኔን ጎድጓዳ አየ። እስከዚያ ቀን ሲያገኘኝ ደረቴን ነበር የሚያየው።

"ሴትየዋ በጫማ ስለመታችኝ ነው" አለ። "ሰው ሳቀብኝ። እሷን መምታት አልቻልኩም። አንተ ቅርብ ነበርክ።"

"ይኸው ነው?"

"ወላሂ ይኸው ነው።"

"ማዶ ደግመህ ትለዋለህ።"

"ባልለውስ?"

"መመለሻውም ይሄው ታንኳ ነው።"

ማዶ ወርዶ አበጋሮቹ ፊት፣ አስጎብኚዎቹ ፊት፣ ሊያይ የመጣው ሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። በደንቡ እንዳልነበረ፣ በሌላ ሰው የተናደደውን በእኔ ላይ እንደተወጣው። ማንም አልሳቀም። አበጋሮቹ ዱዓ አደረጉ፤ ከእንግዲህ አስጎብኚውን እንግዳው ራሱ ይምረጥ፣ እኔን የመረጠም ከእኔ ጋር ይሂድ ብለው ፈረዱ። እጁን ጨበጥኩት። አልወደውም፤ ዛሬም ሳየው ደሜ ይፈላል። ነገሩ ግን አልቋል። ያለቀው የካቲት አራት ቀን፣ ረቡዕ ነው።